በጥር የወጣው ዕትም

ከመጽሔታችን ጽሑፎች ሁሉ ብዙ የተጠቀሰው ስለ አንድ የተሰነጠቀ ኮረብታ የተጻፈው ነው። ቁጥሩን በየወሩ መጨረሻ የማየው እኔ ነኝ። በጨመረ ቁጥር ዋና አዘጋጃችን ከአዲስ አበባ ደውለው «እንኳን ደስ አለህ» ይሉኛል፤ እኔም «እንኳን አብሮ ደስ አለን» እላለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከወንበሬ ለመነሣት ብዙ ጊዜ ይፈጅብኛል።

ሥራዬን ላስረዳ። ነቀምቴ ውስጥ ጂኦሎጂ አስተምራለሁ። ከማስተማሩ ጎን የአንድ ትንሽ የሙያ ማኅበር የምድር ሳይንስ መጽሔት ጸሐፊ ነኝ። መጽሔቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሰኔና በጥር ይወጣል። ቢሮ የለውም፤ ቢሮው ባኬ ጃማ ሰፈር ያለው የቤቴ የፊት ክፍል ነው። ከየቦታው የሚላኩ ጽሑፎችን እቀበላለሁ፣ ለገምጋሚዎች እልካለሁ፣ ገምጋሚዎቹን እለምናለሁ፣ ዝም ሲሉኝ ደግሜ እለምናለሁ። በዚህ ላይ ሠንጠረዥ እይዛለሁ። ባለቤቴ ሠንጠረዡን «ጣውንቴ» ትለዋለች፤ ከእሷ ጋር ከማሳልፈው ሰዓት ይልቅ ከሱ ጋር የማሳልፈው ስለሚበልጥ ፍርዷ ትክክል ነው።

የአንድ መጽሔት ክብር የሚለካው እሱ ላይ የወጡ ጽሑፎችን ሌሎች ተመራማሪዎች ስንት ጊዜ እንደጠቀሱ በመቁጠር ነው። የጽሑፉ እውነት መሆንና አለመሆን ሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ የለውም። ለዓመታት ስቆጥር የትኛው ርዕስ ጥቅስ እንደሚያመጣ፣ የትኛው እንደማያመጣ በቃሌ አወቅሁት። ቢሮው ተቀምጦ ከሳተላይት ምስል አገር የሚያህል ካርታ የሠራ ሰው ብዙ ይጠቀሳል። ጭቃ ረግጦ፣ እግሩን አርጥቦ፣ አንድ መንደር የምትጠጣውን አንዲት ምንጭ የለካ ሰው ግን ከራሱ በቀር የሚጠቅሰው የለም። ስለ ቡና አፈር የተጻፈ ደህና ነው። ስለ መሬት መንሸራተት የተጻፈ ቦታው ሰፊ ከሆነ ይጠቀሳል፤ አንድ ኮረብታ ከሆነ ገደል ይግባ። ይህን «ገደል ይግባ» የሚለውን ቃል በስብሰባ ላይ በአፌ ተናግሬዋለሁ፤ ሰውም ስቋል።

አንድ ቀን የሚገመግመን መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈልን። የተጠቃሽነታችሁ መጠን ዝቅተኛ ነው፣ በሚቀጥለው ግምገማ ካልተሻሻለ ዕውቅናችሁ ይነሣል የሚል ነበር። ዕውቅና የተነሣው መጽሔት ላይ የታተመ ጽሑፍ ለማዕረግ ዕድገት አይያዝም፤ የማይያዝ ከሆነ ደግሞ ማንም አይልክልንም። በአጭሩ የሞት ደብዳቤ ነበር። የዋና አዘጋጁ ድምፅ አረጀ። እኔ ግን፣ ልጅ የሌለኝ ሰው ስለሆንኩ ይሁን እንጃ፣ ልጄን ሊወስዱብኝ የመጡ መሰለኝና ሠንጠረዡ ውስጥ ገብቼ ቀረሁ።

እዚያ ውስጥ ያገኘሁትን ነገር በቀላሉ ልናገረው። ቆጠራው በፈረንጆች ዓመት ነው፤ አንድ ጽሑፍ ከወጣበት ዓመት ቀጥሎ ባሉት ሁለት ዓመታት ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ይታያል። ስለዚህ በሰኔ የወጣ ጽሑፍ መቆጠር እስኪጀምር ድረስ ሰው የሚያነበው ግማሽ ዓመት ብቻ ነው። በጥር መጀመሪያ የወጣው ግን ዓመት ሙሉ ይነበባል፤ አንባቢዎቹ ጠቅሰውት የሚጽፉት ነገርም የሚወጣው ቆጠራው በተጀመረ ጊዜ ነው። የኛንም የሌሎችንም መጽሔቶች አመሳከርኩ፤ የጥር ጽሑፎች ሁልጊዜ ይበልጣሉ። ስለዚህ ጠንካራ ጽሑፍ ሲገኝ በሰኔ ማውጣት ሞኝነት ነው፤ ይዞ ማቆየትና በጥር መልቀቅ ነው። ሕግ የሚከለክለው ነገር የለም። ይህን ያገኘሁት ራሴ ነኝ፣ ማንም አላስተማረኝም፤ በዚያን ሰሞን በመንገድ ስሄድ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

አሁን ወደ ኮረብታው ልምጣ። ስሙን አልጽፍም፤ ወረዳውንም አልጽፍም። እዚያ ያሉ ሰዎች በማያውቁት ነገር እንዲጠየቁ አልፈልግም። ከነቀምቴ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት በእግር ነው። ያሳየችኝ በፊት ተማሪዬ የነበረች፣ በኋላ ባልደረባዬ የሆነች ወጣት መምህርት ናት። የዚያው አካባቢ ልጅ ናት። አንድ የጥቅምት ቀን ቢሮዬ መጥታ «ጋሼ፣ የሚያስፈራኝ ነገር አይቻለሁ፤ ይምጡና ያረጋግጡልኝ» አለችኝ።

ሄድን። ከቁልቁለቱ አናት፣ በቆሎው ከተሰበሰበበት ማሳ መሐል፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ ስንጥቅ አለ። ስፋቱ ሁለት ጣት ነው። ከስንጥቁ በታች ቀይ አፈር፣ ከቀይ አፈሩ በታች ውሃ የሚቋጥር ለስላሳ ሸክላ፣ ከሁሉ በታች ደግሞ አራት ቤቶች። ለስንጥቁ ቅርብ የሆነው ቤት የአንድ ሽማግሌ ገበሬና የባለቤታቸው ነበር። ለጂኦሎጂ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የምናስተምረው ሥዕል ነው፤ ፈተና ላይ ባወጣው ሁሉም ይመልሰዋል። ተማሪዬ ዐይን ዐይኔን እያየች «ልክ ነኝ?» አለች። «ልክ ነሽ» አልኳት።

ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። «አካም ቡልተን፣ ባርሲሳ» አሉኝ፤ ባርሲሳ መምህር ማለት ነው። አባቴ ከጎጃም ለንግድ መጥቶ ነቀምቴ የቀረ ሰው ቢሆንም እኔ ኦሮምኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተደባደብኩ ስለተማርኩት አስተርጓሚ አላስፈለገንም። ባለቤታቸው አንጮቴ ቀቅለው በቅቤ አቀረቡልን። እኔ የከተማ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ አንጮቴ በልቼ አላውቅም ብላቸው ሳቁና ሲሸኙን ለዘር የሚሆን ሥር በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ። «አጥርዎ ላይ ይትከሉት፤ ልጅ ይመስል ቶሎ ያድጋል፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ። ኢልማ ኮ ልጄ ማለት ነው፤ በዕድሜ ቢበልጡኝም እናቴ ሊሆኑ የሚችሉ አልነበሩም።

ሽማግሌው ደግሞ አስፋልቱ ድረስ ሸኙን። ግማሽ ሰዓት ቁልቁል፣ ከዚያ ብቻቸውን ግማሽ ሰዓት ሽቅብ። ይመለሱ ብንል እንቢ አሉ፤ እንግዳን ደጅ ድረስ ብቻ መሸኘት በኛ ነውር ነው አሉ። ከዚያ በኋላ በሄድን ቁጥር ሁሉ፣ ዝናብም ቢሆን ፀሐይም ቢሆን፣ አስፋልቱ ድረስ ሳይሸኙን ቀርተው አያውቁም።

ተማሪዬ እስከ ታኅሣሥ ድረስ እየተመላለሰች አፈሩን ለካች፣ ውሃውን ለካች፣ ሥዕሉን ሣለች። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ካስማ ተከለች፤ በካስማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከሰፋ መሬቱ እየሄደ ነው ማለት ነው። ለሽማግሌው ሜትር ሰጥተናቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ዱላቸው ላይ ምልክት ቆርጠው ከምልክቱ ያለፈውን በጣት መለካት መረጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ፣ ኔትወርክ ካለበት ጉብታ ላይ ቆመው ወደኔ ይደውላሉ። «ባርሲሳ፣ ዛሬም ሁለት ጣት ነው።» እኔም ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ።

አራቱን ቤቶች ከዚያ ማንሣት ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ምትክ መሬት ያስፈልጋል፤ ሰው ቤቱንና ማሳውን ጥሎ ሜዳ ላይ አይሰፍርም። ተማሪዬና እኔ ወረዳው ሄድን። የተቀበለን ባለሥልጣን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰማን፣ ፎቶውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ባርሲሳ፣ ወረቀት ይዞ የማይመጣ የለም» አለኝ። «አንዱ መሬቱ ወርቅ አለው ይላል፣ አንዱ መሬቱ ይናዳል ይላል። ምትክ መሬት የሚሰጠው ካቢኔው ነው። እኔ ካቢኔ ፊት ይዤው የምቆመው ነገር ስጡኝ። የታተመ ጥናት፣ ቁጥር ያለው፣ ገጽ ያለው። በመጣላችሁ ሳምንት አስገባዋለሁ።»

ይህ ለኔ ቀላል ጥያቄ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን መጽሔት ሊለምን ነው፤ እኔ ግን መጽሔቱ ቤቴ ውስጥ ነው። በዚያው ቀን ሽማግሌው ቤት ሄደን ነገርናቸው።

«መቼ ነው የሚታተመው?» አሉ።

«በሰኔ» አልኳቸው።

«ዝናቡ ሳይበረታ?»

«ሰኔ መጀመሪያ ላይ።»

ባለቤታቸው ከማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «ዋቀዮ ይርዳችሁ» አሉ። ከዚያ አንጮቴዬ በቅሎ እንደሆነ ጠየቁኝ። በቅሏል አልኳቸው፤ እውነትም በቅሎ ነበር።

ተማሪዬ ጽሑፉን በታኅሣሥ ላከች። በርዕሱ ላይ የኮረብታውም የመንደሩም ስም ነበረበት። አስጠራኋትና «ይህን ስም ይዞ የሚጠቅሰው ሰው አይገኝም፤ 'የምዕራብ ኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች' በይው» አልኳት። «ጥናቱ ግን ስለዚህ ኮረብታ ነው፣ ጋሼ» አለች። «ኮረብታው አንድ ነው፤ አንባቢው ብዙ ነው» አልኳት። ቀየረችው። የኮረብታው ስም አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ በትንንሽ ፊደል፣ አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። ሁለት ገምጋሚዎች አዩት፤ ሁለቱም እንደዚህ ያለ ንጹሕ ሥራ አላየንም አሉ። በሚያዝያ ተቀበልነው። የመጨረሻው አንቀጽ ከስንጥቁ በታች ያሉ ነዋሪዎች ከሚመጣው ክረምት በፊት እንዲነሡ ይመክራል።

የአዘጋጆች ስብሰባ የተደረገው በሚያዝያ መጨረሻ ነው። በኢንተርኔት ነበር፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሹን ሰው በድምፅ፣ ግማሹን በምስል እያየሁ ሠንጠረዤን አቀረብኩ። የሰኔውን ዕትም እንተወው፣ ከጥር ዕትም ጋር አንድ ላይ እናውጣው አልኩ። ምክንያቱን አስረዳሁ፤ ሁሉም ገባቸው። ዋና አዘጋጁ «በተለይ የሚጠቅመን የትኛው ጽሑፍ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «የመሬት መንሸራተቱ» አልኩ። «እሱ በጥር ከወጣ ብቻውን ይጎትተናል።»

ያን ጊዜ ሽማግሌው ትዝ አላሉኝም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ትዝ ብለውኛል። ዱላቸውም፣ ባለቤታቸውም፣ «ዝናቡ ሳይበረታ?» ያሉት ድምፅም ጆሮዬ ላይ ነበር። ኮረብታው ስንት ዘመን ቆሞ ኖሯል፣ አንድ ክረምት ቢጨምር አያቅተውም ብዬ አሰብኩ። ይህን ያሰበው ጂኦሎጂስት ነው፤ ሌላ ሰው ቢያስበው ሳያውቅ ነው እንላለን። ስብሰባው ሲያልቅ አንዱ ባልደረባ ያለዚህ ሰው መጽሔታችን ሞቶ ነበር አለ። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ።

ተማሪዬ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣች። ግቢ አልኳት፤ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ የኔን ብቻውን ይልቀቁልኝ» አለች። «ሌላው በጥር ይውጣ።»

«አንዱን ከለቀቅን የዕትሙ ቀን ይበላሻል። ሁሉም የኔን ልቀቅ ይላል።»

«የሌሎቹ ቤት የሚናድበት ሰው የለም።»

«የተቀባይነት ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። በማኅተም። ለወረዳው ያን ስጪው።»

«ቁጥር ያለው፣ ገጽ ያለው ነው ያለን።»

«ደብዳቤም ደብዳቤ ነው» አልኳት፤ ማለት የፈለግሁት ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ቆማ ጠበቀችኝ። ዐይኗን ላለማየት ደብዳቤውን መጻፍ ጀመርኩ። ማኅተሙን ሁለት ቦታ መታሁበት፤ አንዱ በቂ ነበር።

ወረዳው ደብዳቤውን አየው። የመጽሔቱ ቁጥር የታለ? ገጹስ? ሲወጣ አምጪው አላት። ትክክል ነበር፤ የጠየቀው ሌላ ነገር፣ የሰጠነው ሌላ ነገር ነው። ደውላ ነገረችኝ። እኔም «ታዲያ ምን እናድርግ» አልኳት። የሚደረገውን የማውቅ እኔ ነበርኩ። ጽሑፉ ኮምፒውተሬ ውስጥ አልቆ ተቀምጧል፤ ቁጥርና ገጽ መስጠት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ሰኔ መጣ። ሽማግሌው በደወሉ ቁጥር ከልኬቱ በኋላ «ታተመ እንዴ?» ይሉኛል። «ገና ነው፣ አባ ኮ፤ ትንሽ ቆየ» እላቸዋለሁ፤ አባ ኮ አባቴ ማለት ነው። ትንሽ ያልኩት ሰባት ወር ነው። በግንቦት ሦስት ጣት የነበረው በሰኔ አምስት ሆነ። በሐምሌ ጣት መቁጠሩን ትተው «ስንዝር» አሉኝ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። እዚህ ላይ ሳልደብቅ ልናገር፤ እነዚያን ቁጥሮች ስጽፍ ለሁለተኛ ጽሑፍ የሚሆኑ ይመስሉኝ ነበር። በዝናብና በስንጥቅ መካከል ያለ ግንኙነት፣ በገበሬ የተለካ። ርዕሱን ሁሉ በእርሳስ ጽፌው ነበር፤ ይህ ዓይነት ነገር ይጠቀሳል። «በጣም ጥሩ ነው፣ ይቀጥሉ፤ ባይሆን ዝናብ ሲበዛ ከቤት ወጣ በሉ» አልኳቸው። ወዴት ነው የሚወጡት? እሳቸውም አልጠየቁኝም።

በነሐሴ አንድ ሐሙስ ስልኬ በእሳቸው ቁጥር ጠራ። ቅዳሜ አልነበረም። አነሣሁት፤ የሳቸው ድምፅ አልነበረም፤ ጎረቤታቸው ነበር።

ሦስት ቀን ሳያባራ ዘንቦ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ነው ኮረብታው የመጣው። ሽማግሌው በሬ ፍለጋ ከጋራው ወዲያ ማዶ ነበሩ። ዋናው ቤት ግማሹ ቆሟል። የከብቶቹን በረትና ማዕድ ቤቱን አፈሩ ወሰዳቸው። ባለቤታቸው ማዕድ ቤቱ ውስጥ ነበሩ። የተገኙት በማግስቱ ነው። የታችኞቹ ሦስት ቤቶች በራፋቸው ላይ ጭቃው ቆሞላቸው ተረፉ።

ለቀብሩ ሄድኩ። የመዝሙር ድምፅ ከላይ እየሰማሁ በዚያው በምናውቀው መንገድ ወጣሁ። ተማሪዬ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች፤ አየችኝ፣ ራሷን ወደ ሌላ አዞረች። ሽማግሌው ግን ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። «ከዚያ ድረስ ለኛ ብለው መጡ፤ ገላቶማ፣ ባርሲሳ» አሉኝ። ገላቶማ ምስጋና ነው። እሳቸው የሚያውቁት እኔና ተማሪዬ ደጋግመን መጥተን እንደለፋን፣ ወረቀቱ ደግሞ የሆነ ሩቅ ቦታ እንደዘገየ ነው። ለቅሶው ላይ እግዜር ይስጥልኝ ተብዬ ዳቦና ሻይ ቀረበልኝ። ዳቦውን በላሁት። አልበላም ማለት ነውር ነው።

ዋና አዘጋጁ ሲሰሙ አዘኑ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። በሦስተኛው ቀን ግን ደውለው «ጽሑፉ ላይ የተናደውን ፎቶ ብንጨምርበትስ? ትንበያው መድረሱ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል» አሉኝ። ለተማሪዬ ነገርኳት። መልሷን በጽሑፍ ላከችልኝ፤ ከዚያ ወዲህ በቃል አናግራኝ አታውቅም። አንድም ፊደል አይጨመርም፣ በሚያዝያ እንደነበረው ይውጣ፤ የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ላይ ግን የገባበትና የተቀበላችሁበት ቀን ይታተም አለች። እስከዚያ ድረስ እኛ የምናትመው የወጣበትን ቀን ብቻ ነበር። የጠየቀችውን አደረግሁ። በመስከረም ዝውውር ጠይቃ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች።

ጥር ላይ ዕትሙ ወጣ። ያሰብኩት ሁሉ እንዳሰብኩት ሆነ። ጽሑፉ ተነበበ፣ ተጠቀሰ፣ ሌሎቹን ጎተታቸው። ግምገማውን አለፍን፣ ዕውቅናችን ጸና፤ የምስክር ወረቀቱ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፣ ባለቤቴ አንድ ቀን አወረደችው። የጠቀሱንን ሁሉ አንድ በአንድ አንብቤያለሁ። ብዙዎቹ «ጸሐፊዋ ነዋሪዎቹ እንዲነሡ መክራለች» ብለው ያልፋሉ። ተነሥተው እንደሆነ የጠየቀ አንድም ሰው አላገኘሁም። አንጮቴው አጥሬን ሞልቶታል፤ ሥሩ ሳይቆፈር እየቆየ ነው፣ እኔ አልቆፍረውም፣ ሌላም ሰው እንዲነካው አልፈቅድም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ። ዕትሙ እንደወጣ ሁለት ቅጂ ይዤ ወረዳው ሄድኩ። ባለሥልጣኑ ተቀበለኝ፣ ቁጥሩን አየ፣ ገጹን አየ፣ የኮረብታውን ስም ርዕሱ ላይ ፈልጎ አጣ። ሠንጠረዡ ውስጥ በጣቴ አሳየሁት። በሰጠኝ ቃል መሠረት በዚያው ሳምንት ካቢኔ አስገባው፤ ለታችኞቹ ሦስት ቤቶች ምትክ መሬት በወሩ ተሰጠ። ወር ብቻ ነው የፈጀው።

ሁለተኛውን ቅጂ ይዤ ወደ ሽማግሌው ወጣሁ። ያኔ ከወንድማቸው ዘንድ፣ ከጋራው ማዶ ነበሩ። ደጅ ላይ በርጩማ ተቀምጠዋል፤ ዱላው ከጎናቸው ግድግዳ ተደግፏል፣ የተቆረጠው ምልክት ይታያል። ከፊታቸው ተቀመጥኩና መጽሔቱን ሰጠኋቸው። በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ገለጡት።

«ይኸው ነው?» አሉ።

«ይኸው ነው፣ አባ ኮ።»

«ያንብቡልኝ።»

በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ቤታቸው የተጻፈውን ነገር በሚሰሙት ቋንቋ ያሰማቸው ሰው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስለ ካስማዎቹ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስደርስ ቶሎ ቶሎ አነበብኩት። ከሚመጣው ክረምት በፊት ይነሡ የሚለውን አስደገሙኝ።

ከዚያ መጽሔቱን ወስደው ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሱት። ፊደሉን አያውቁም፤ ቁጥር ግን ያውቃሉ። ግርጌውን በጥፍራቸው ነካ አደረጉት።

«እነዚህ ሦስቱ ቁጥሮች ምንድን ናቸው?»

መዋሸት እችል ነበር። «የመጀመሪያው ለኛ የተላከበት ቀን ነው፤ ታኅሣሥ» አልኩ። «ሁለተኛው እውነት ነው ብለን የተቀበልንበት ነው፤ ሚያዝያ። ሦስተኛው የወጣበት ነው፤ ጥር።»

ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ፤ ስንጥቁን ሲለኩበት የነበረውን ጣት። «ግንቦት» አሉ። «ሰኔ። ሐምሌ። ነሐሴ።» አራተኛው ጣት ላይ ቆሙ። አምስተኛውን አላጠፉትም።

«በነዚህ ወራት ወረቀቱ የት ነበር፣ ባርሲሳ?»

«ቤቴ።»

«አልቆ?»

«አልቆ።»

አልተቆጡም። መጽሔቱን ዘግተው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። ተቀብዬ ብብቴ ሥር ያዝኩት። በኋላ ተነሣሁና «እንግዲህ ልሂድ፣ አባ ኮ» አልኩ።

«መልካም» አሉ።

ከደጃፉ ወጥቼ ጥቂት ሄድኩ። ዞር አልኩ። ከበርጩማቸው አልተነሡም ነበር፤ ዱላውም ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው። አስፋልቱ ድረስ ብቻዬን ወረድኩ።